አሥራ አንድ ነጥብ ስድስት

ኤረር ፍልውሃ ማዶ፣ ከአንድ ግራር ሥር፣
አባዱላችንን አቁመን ስናድር፣
ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ፍሪጇ ዝም አለች፤
እሷ ዝም ስትል እኔን ቀሰቀሰች።
የእጅ ባትሪ ይዤ ባትሪዬን ባየው፣
አሥራ አንድ ነጥብ ስድስት ነው ቁጥሩ የሚለው።

ሐብሐብ ብቻ ቢሆን ውስጧ ያስቀመጥነው፣
ተመልሼ በተኛሁ፤
የአሰገደች ኢንሱሊን፣ የወሩ፣ እዚያው ነው።
«ምን ሆነ?» አለችኝ።
«ምንም» አልኩ። በዚህች ቃል ድሮም አታምነኝ፤
ብልቃጡን በእርጥብ ጨርቅ ጠቀለለችና
ጀርባዋን ሰጥታኝ ተኛች እንደገና።
እኔ ሞተር አስነሥቼ፣ ጎህ እስኪቀድ ድረስ
ነዳጅ አቃጠልኩኝ ብርድ ለመደገስ።

ሰኞ ታይዋን ወረድኩ። ባሕር ማዶ አይደለም፤
ደቻቱን ተሻግረህ፣ የሌለበት የለም።
ሂባቅ የምትባል ልጅ፣ ሒሳብ ማሽን ይዛ፣
ትመረምረኝ ጀመር እንደ ሐኪም ተክዛ።
«አንተ» ትለኛለች፤ ድሬ አንቱ አታውቅም፣
ስልሳ ሰባት ዓመት ምንም አይመስላትም።
«ፍሪጁ ስንት ይበላል? ስንት ሰዓት ይሠራል?
ማራገቢያውስ እንዴት ነው? ሌሊቱን ይዞራል?
ሶላሩ ስንት ዋት ነው? ደመናስ ሲመጣ?»
«ደመና? በሺኒሌ? ከየት አባቱ መጣ!»
ሳቅኩኝ። እሷ አልሳቀችም። «አቧራ» ብላ ጻፈች
ከቁጥሮቹ ግርጌ፤ ሁለት ጊዜ አሰመረች።

«አሲድ አለ» አለች፣ «ርካሽ ነው፣ ይከብዳል፤
ከግማሹ በታች ከጠጣኸው ይሞታል።
ሊቲየም ደግሞ አለ፤ እስከ ጥጉ ይሄዳል፣
አንድ ሰው ይሸከመዋል፣ ዓመታት ያገለግላል።
ዋጋው…» ጻፈችልኝ።
ወረቀቱን ገልብጬ ጀርባውንም አየሁ፤
እዚያ ሌላ ቁጥር ባገኝ ተመኘሁ።

ከዚያ በብልጠቴ፦ «አንዱ እኮ ደህና ነው፤
አንድ አዲስ አሲድ ልግዛ፣ ከአሮጌው ላስረው።»
ሂባቅ እስክሪብቶዋን ጠረጴዛው ላይ ጣለች፣
«ወላሂ እንዳታደርግ!» ብላ ተቆጣች፤
«አሮጌና አዲስ በአንድ ሽቦ ሲታሰር
አሮጌው የአዲሱን እየጠጣ ያድራል፤
ዓመት እንኳ ሳይሞላ አዲሱም ያረጃል።»

ይህን እኔ ላጣው! ሠላሳ አንድ ዓመት
በምድር ባቡር ጋራዥ፣ ከፉርጎ መብራት
ባትሪ ያወረድኩ ሰው፣ አሲድ የበላው ሱሪዬ ምስክር፤
አለቃዬ ኩራባቸው ስንቴ ብሎኝ ነበር፦
«ወይ ጥንዱን ቀይር፣ ወይ ጥንዱን ተው።»
ረሳሁት።
ኪስ እየሳሳ ሲሄድ ሙያም አብሮ ይሳሳል።

ሁለቱን አሮጌዎች ለቁራሌው በኪሎ ሸጥኩ፣
ቴሌቪዥኑን ጨመርኩ፣ ትርፉን ጎማ ጨመርኩ፤
ሊቲየሙን ገዛሁ። ነገሩ ግን አላለቀም፦
«ቻርጀርህም ይቀየር፤ ያንተ ቋንቋውን አያውቅም።»
ፊውዝ ተከተለ፣ ወፍራም ሽቦ መጣ፤
አንዱን አዲስ ስትል የቀረው ቅጥ አጣ።

ማታ ሳቢያን ቤታችን ሁሉን ነገርኳት፤
አሮጌው አዲሱን እንደሚጠጣ፣ እንደሚያስረጀው ሳወራት፣
ስኳሯን ለክታ፣ ጣቷን ጠራርጋ፣
«እኛስ?» አለች፣ «ማን ነው ጠጪው፣ ሌሊቱ ሲነጋ?»
«እኛማ በአንድ ቀን የተገዛን…» ብዬ ጀመርኩ፤
ሳቋ አላስጨረሰኝም።

አሁን እዚያው ግራር ሥር ነን።
ጠዋት ጠዋት ሶላሩን በጨርቅ እወለውላለሁ፣
የሂባቅን ድርብ መስመር አቧራው ላይ አያለሁ።
ፍሪጇ ታንጎራጉራለች፤
አሥራ ሦስት ነጥብ ሁለት። ሐሳብ የለባትም።
እኔ ግን ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን እነቃለሁ፣
የእጅ ባትሪ ይዤ ባትሪዬን አያለሁ።
«ምንድን ነው?» ትላለች ከጨለማው ውስጥ።
«ምንም» እላለሁ።
ዛሬስ እውነቴን ነው። አታምነኝም፣ አውቃለሁ።